ስድስተኛው ጥያቄ

«ማንበብማ ማንም ያነባል፤ ቁም ነገሩ ጥያቄው ነው» አለች የቤቱ እመቤት፣ አስጠኚዋ ገና ጫማዋን በራፉ ላይ ጠርጋ ሳትጨርስ። ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ሸጉጣ፣ የምሳ ጠረጴዛውን ጨርቅ በሁለት እጇ እያቃናች ነበር የምታወራው፤ ስለዚህ ንግግሩ ለእሷ ይሁን ስልኩ ውስጥ ላለው ሰው አስጠኚዋ ለጊዜው አልገባትም። ቆይቶ ለእሷ እንደሆነ ታወቀ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። አስጠኚዋ ወደዚህ ቤት ስትመጣ የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ ትናንት በስልክ የተነገራትም አጭር ነበር። የአራተኛ ክፍል ልጅ አለች፣ ጎበዝ ናት፣ የክፍሏ አንደኛ ናት፣ ዛሬ ምሳ ላይ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እቤት ድረስ መጥተው ያይዋታል፣ ከወደዷት በትምህርት ቤቶች ውድድር መድረክ ላይ ትምህርት ቤቱን ወክላ ትቀርባለች። የቀረው ትንሽ ነገር ነው። «ድሮ መድረኩ ላይ ከንባብ በፊት የሚጠየቁትን አምስት ጥያቄዎች ጠይቆ መውረድ ነበር። ዘንድሮ አዘጋጆቹን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ከጥያቄው በኋላ ምንባቡንም ታነባለች ብለዋል» አለች እናትየዋ፣ ልጇን ደረጃ አጥበሽ ውረጂ ያሏት ይመስል ፊቷን አጨማዳ።

ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ባለመስታወት የመጻሕፍት መደርደሪያ አለ። እናትየዋ ዋጋውን ሳትጠየቅ ተናገረች፤ አስጠኚዋ በልቧ ወደ ደመወዝ ስትለውጠው፣ አንድ መምህር ዓመት ሙሉ ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያስተምር የሚገዛው ዓይነት ነው። መጻሕፍቱ ግን ከመደርደሪያው ጋር አብረው የመጡ ናቸው፤ ጀርባቸው ወርቃማ፣ ቁመታቸው እኩል፣ ሻጩ ምርቃት ብሎ የጨመራቸው። አባትየው የወለል ሴራሚክ ነጋዴ ስለሆነ እኩል የተደረደረ ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር መስታወቱ በቁልፍ ይከፈታል፣ እንግዳው ዓይኑ ያረፈበትን መጽሐፍ ይመርጣል፣ ልጅቷ ትጠራና መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ሳትገልጠው አምስት ጥያቄ ትጠይቃለች። ይጨበጨባል። መጽሐፉ ይመለሳል፣ መስታወቱ ይቆለፋል፣ ወሬው ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ይዞራል። አባቷ በዚህ የተነሳ ስሟን ትቶ ፕሮፌሰሯ ይላታል፤ አሁን ጎረቤቱም እንደዚያ ነው የሚጠራት። በዚያ ቤት አንድ መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው የለም፤ ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገር ባለጌም እስከዚያ ቀን አልመጣም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄዎቹ ክፉ አይደሉም። ርዕሱ ምን ይነግረኛል? ስለዚህ ነገር ከዚህ በፊት ምን አውቃለሁ? ጸሐፊው ይህን ለምን ጻፈው? እኔ ከዚህ ምን ማወቅ እፈልጋለሁ? ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤ ይለወጥ ይሆን? ሰው ይህን ጠይቆ ቢያነብ ይጠቀማል። አስጠኚዋም ኮሌጅ ሳለች ተምራዋለች፣ ትወደዋለችም። ዳይሬክተሩ ግን መውደድ ብቻ አልበቃቸውም። ጥያቄዎቹን በካርድ አሳትመው፣ በካርዱ ጥግ የራሳቸውን ፎቶግራፍ አስገብተው ለወላጅ ሁሉ አደሉ። ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ በየተራ እየተነሳ አምስት አምስት ጥያቄ ሲጠይቅ ደወል ይደወላል፤ ንባቡ የቤት ሥራ ይሆናል። በማግስቱ ሌላ ምንባብ፣ ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ ደወል። ነጥብ የሚሰጠው ለተሳትፎ ነው፤ ተሳትፎ ማለት ደግሞ እጅ ማውጣት ነው። ወላጆች ልጆቻቸው እንደ ትልቅ ሰው «ጸሐፊው ይህን ለምን ጻፈው?» ሲሉ ሰምተው እንባቸው መጣ፤ በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤቱ ክፍያ ሲጨመርም አንድ ሰው አላጉረመረመም።

የልጅቷ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ነጭ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀሉ የምስክር ወረቀቶች አሉት። ልጅቷ ቀጫጫ ናት፤ ዓይኗ ከሰው ፊት አይነቀልም። ዳይሬክተሩ ምሳ ላይ የትኛውን ገጽ እንደሚያስነብቡ አስቀድመው ለእናትየዋ ደውለው ነግረዋታል፤ ፈተናን ለተፈታኙ ማቀበል እሳቸው ዘንድ ዝግጅት ይባላል። ምንባቡ «ድልድዩ» የሚል ነው። ልጅቷ የመማሪያ መጽሐፏን አንስታ አምስቱን ጥያቄ አንድ በአንድ ጠየቀች፤ እያንዳንዱ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፣ ከሦስተኛው በኋላ ትንሽ ታስባለች፣ ወይም የምታስብ ትመስላለች። አስጠኚዋ ተገረመች። እንዲህ ያለች ልጅ ምን አስጠኚ ያስፈልጋታል፣ ዛሬስ ገንዘቤን በነጻ ነው የምበላው ብላ በልቧ ደስ አላት።

«በይ አሁን አንብቢው» አለቻት።

«መጀመሪያ አንድ ጊዜ አንቺ አንብቢልኝ፣ ቲቸር።»

አስጠኚዋ አነበበችላት። ወንዝ አለ፤ ዝናብ ሲበዛ ውሃው ሞልቶ ከወዲህ ያሉትን ከወዲያ ካሉት ይለያል፤ ሰዎቹ ተሰብስበው ድልድይ ይሠራሉ፤ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ወግ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይደሰታሉ። ልጅቷ መጽሐፉን ተቀበለችና ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተወጣችው። አንድ ቃል አልሳተችም። አስጠኚዋ ትንፋሽ በወሰደችበት ቦታ ትንፋሽ ወሰደች፣ ጉሮሮዋን በጠረገችበት ቦታ ጉሮሮዋን ጠረገች። ችግሩ ጣቷ ነው። ጣቷ ገጹን ጨርሶ ግርጌ ሲደርስ አፏ ገና ድልድዩን አልጀመረም ነበር፤ ጣቷ እዚያው ሥዕሉ ላይ ቆሞ አፏ እስኪጨርስ ጠበቀ። አስጠኚዋ አንዷን ቃል ነካ አድርጋ «ይህቺ ምንድን ናት?» አለች። ልጅቷ ቃሉን አላየችም። የአስጠኚዋን ፊት ነው ያየችው፤ መልሱን ከግንባሯ እስከ አገጯ ፈለገችው። ስታጣው ጊዜ አንገቷን ደፋች።

«ማንበብ ካልቻልኩ ለእማዬ ትነግሪያለሽ?»

ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ቤት ከተጠየቀው ሁሉ፣ ከማንበብ በፊት መጠየቅ ያለበት እውነተኛ ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር፤ በካርዱ ላይ ግን የለም።  «አልነግርም» አለች አስጠኚዋ፣ የምትለው ምን እንደሆነ እንኳ ሳታስብ።

ልጅቷ ፊደሉን በዜማ ከላይ እስከ ታች ታወርደዋለች፤ አንዷን ነጠል አድርገው ሲያሳይዋት ግን ዜማውን ከመነሻው ጀምራ እስክትደርስባት ድረስ ሰው ይሰለቻል፣ አንዳንዴም አልፋት ትሄዳለች። አስጠኚዋ ምንባቡን ተወችው። ሁለት ፊደል ብቻ በትልቁ ጻፈችላት፤ አንዷን ለብቻ፣ ሌላዋን ለብቻ፣ ከዚያ ጎን ለጎን። ልጅቷ መጀመሪያ በስርቆት ወደ ፊቷ ታይ ነበር፤ አስጠኚዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችባት።  ከዚያ ከጀርባዋ «ው… ሃ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎ በአንድ ትንፋሽ «ውሃ!» ልጅቷ መጽሐፉን ወደ ራሷ ጎተተችና ገጹን በአፍንጫዋ ልትነካው እስክትደርስ ጎንበስ አለች። «እዚህም አለ! እዚህም! ቲቸር፣ ማንም ሳይነግረኝ!» አስጠኚዋ በሥራዋ ብዙ ጊዜ እንዲህ ተደስታ አታውቅም፤ ደስታዋ ከጉሮሮዋ ሳይወርድ ግን ንዴት ተከተለው። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ማድረግ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም? የቤት ሥራውን ማታ ማታ ማን እንደሚያነብላት ጠየቀቻት። «አክስቴ» አለች ልጅቷ። «እማዬ አብረን የምናነብ ነው የሚመስላት።»

አክስትየዋ የአባትየው ታላቅ እህት ናቸው፤ ክፍላቸው ከኋላ በኩል፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው። አስጠኚዋ ውሃ ልጠጣ ብላ ወርዳ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የታጠፈ የእንግዳ ፎጣ፤ ከዚህ ቤት ሰው የተረፈው ነገር ሁሉ እዚህ ይገባል። ድሮ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ፤ አሁንም ዝም ብለው ሲቀመጡ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ከወንድማቸው ሚስት ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ምክንያቱን የሚያስታውስ የለም፤ ኩርፊያው ግን በሥርዓት ይጠበቃል። እመቤቲቱ «አክስትሽን የሳሎኑን መጋረጃ አውርዳለች ወይ በያት» ትላለች፣ አክስትየዋ «እናትሽን አውርጃለሁ በያት» ይላሉ፣ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ ልጅቷ መሀላቸው እየዞረች።

«እትዬ፣ ልጅቷ ማንበብ እንደማትችል ያውቃሉ?» አለች አስጠኚዋ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላስተማሯትም?»

ሴትዮዋ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የገበያ ወሬ የሚያወሩ ያህል ቀለል አድርገው፣ «ማንበብ ከቻለች ማታ ማታ እዚህ ምን ልትሠራ ትመጣለች?» አሉ። «እኔስ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ? የቤት ሥራ ታግዛለች ተብሎ ነው የተቀመጥኩት።» ቀጥለውም «ስትመጣ እዚህ ጋ ትጠጋለች» አሉና የአልጋውን ጠርዝ በመዳፋቸው ደልደል አደረጉት።

አስጠኚዋ የሚያሸማቅቅ ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ እሱኑ እንደያዘች ወደ ደረጃው ተመለሰች። ደረጃውን ስትወጣ ትዝ ያላት የራሷ ነገር ነው። ልጅቷ «ውሃ» ብላ ስትጮህ፣ በዚያው ደስታ መሀል፣ ይህች ልጅ በደንብ እስክታነብ ስንት ወር የማስጠናት ሥራ እንደሚወጣ በልቧ አስባ ነበር። ዳይሬክተሩ በልጅቷ አለማንበብ ስም አተረፉ፤ እናቷ እንግዳ አስተናገደችበት፤ አክስቷ ማደሪያ አገኙበት፤ እሷም ገና ከመግባቷ ድርሻዋን ፈልጋለች። አፈረች፤ ብዙ ግን አላፈረችም፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ብዙ ለማፈር ጊዜ የለውም።

ዳይሬክተሩ መጡ። ከእሳቸው ቀድሞ ሽቷቸው ገባ። ክራባታቸውን እያቃኑ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩና «እንዲህ ነው እንጂ ቤት ማለት!» አሉ፤ አንዱንም መጽሐፍ ግን አልነኩም። አባትየው ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ይዞት ስለዘገየ እሱን ሳይጠብቁ እንዲጀመር ተወሰነ። ሥጋው በሰፊ ሳህን፣ ሩዙ ተከምሮ ቀረበና ክዳን ተደፋበት። አክስትየዋ ከኩሽናው በር አጠገብ፣ መግባትም መውጣትም ባልሆነ ቦታ ቆሙ። አስጠኚዋ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ነጭ ካልሲዋን ስባ መሀል ገባች፣ መጽሐፉን በሁለት እጇ ያዘች፣ አምስቱን ጥያቄ ጠየቀች። አንዱም አልጎደለ፣ ቅንድቧም በየቦታው ተነሳ። ዳይሬክተሩ ጥያቄዎቹን ዛሬ ገና የሰሙ ይመስል በእያንዳንዱ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እናትየዋ ማጨብጨቡን ጀመረች።

«በይ እንግዲህ ገጹን ገልጠሽ አንብቢልን» አሉ ዳይሬክተሩ።

ነገሩ በዚህ ማለቅ ይችል ነበር። ልጅቷ «ድልድዩ»ን በቃሏ ይዛዋለች፤ ጣቷን እየጎተተች ብትለው ከሳሎኑ ሰዎች ጣትና አፍ መከታተል የሚያውቅ የለም። ግን አላለችውም። ገጹን ገልጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፈለገች። አስጠኚዋ ምን እንደምትፈልግ አወቀች። ልጅቷ «ውሃ»ን አገኘቻት፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ በግራም በቀኝም ያሉትን ቃላት አየች። ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው። አንዳቸውንም አታውቃቸውም። በቃል የያዘችው ነገር ሁሉ አፏ ላይ ደርቆ ቀረ።

«በይ እንጂ ፕሮፌሰሯ» አለች እናቷ፣ በጥርሷ ፈገግ፣ በዓይኗ ቆጣ ብላ።

ልጅቷ ቀና ብላ ሁሉንም በየተራ አየች፤ መጨረሻ ላይ አስጠኚዋን። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ከስንት ትግል በኋላ ወጣ።

«ማንበብ የማትችል ልጅ… ይሄን እንዴት ታነበዋለች?»

 ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱትና የሥጋው ክዳን ነጠረ። «ስድስተኛ ጥያቄ!» አሉ። «እመቤቴ፣ ሰምተዋል? ስድስተኛ ጥያቄ ፈጠረች! ራሷን ማንበብ በማትችል ልጅ ቦታ አስቀምጣ ጠየቀች! ይህን እኔ እንኳ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስደክም፣ አላሰብኩትም።» ዓይናቸው ረጠበ። እስክሪብቶ አውጥተው፣ ከካርዳቸው ጀርባ፣ ልክ ከፎቶግራፋቸው በስተኋላ፣ ጻፉት። ለመድረኩ ይህ ብቻ ይበቃል፣ ዳኞቹን ፍዝዝ ያደርጋቸዋል፣ ከዚህ በኋላ ምንባብ ማስነበብ ነገሩን ማርከስ ነው፣ ደግሞም ምሳው እየቀዘቀዘ ነው አሉ። እናትየዋ ልጇን ጉንጯን ሳመቻት። ልጅቷ ግን ስትሳምም ዓይኗን ከአስጠኚዋ ላይ አላነሳችም፤ እንባዋ አልወረደም እንጂ ሞልቷል።

አስጠኚዋ ተነሳች። አልነግርም ያለችው ትዝ አላት፤ ልጅቷ ግን ራሷ ተናግራለች፣ ቃሉ ከዚህ በኋላ ማንን ይጠብቃል? «ጥያቄ አይደለም» አለች። «እውነቷን ነው። ልጅቷ ማንበብ አትችልም። ዛሬ ያወቀችው አንድ ቃል ብቻ ነው።»

እናትየዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ለእንግዳው ብላ የሳቀችው ሳቅ ነበር። ዳይሬክተሩ ካርዳቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱና «እንዲህ ያለውን የሚናገር ሰው ስለ ዘዴው ምን ያውቃል?» አሉ፣ አስጠኚዋን ሳይሆን ሳህኑን እያዩ። «እስከ ዛሬ ጠዋት የክፍሏ አንደኛ ነበረች» አለች እናትየዋ፣ አሁን ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ። «አንቺ ገብተሽ ነው ማንበብ ያቃታት? በአንድ ጠዋት እንዴት ብታሟርቺባት ነው?» አስጠኚዋ ወደ ኩሽናው በር ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ይናገሩ።»

እናትየዋም ዞረች። ከዚያ ከስንት ዘመን ኩርፊያ በኋላ፣ ልጅቷን በመሀል ሳታደርግ፣ በቀጥታ ተናገረቻቸው፤ ድምፅዋም ማር ሆነ። «እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ ማታ ማታ የሚያስጠኗት? እስቲ ይንገሯቸው፤ ደግሞ ለምን ቆሙ፣ ይምጡ ይቀመጡ፣ ምሳ ቀርቧል።» ከጠረጴዛው ስር ወንበር ስባ አወጣችላቸው። አክስትየዋ ወንበሩን አዩ። ልጅቷን አላዩም። ጣቶቻቸው ቀሚሳቸው ላይ ፈጠን ፈጠን ብለው ተንቀሳቀሱ።

«ታነባለች» አሉ። «ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነው የምታነበው።» መጥተውም ተቀመጡ።

ከዚህ በኋላ ለአስጠኚዋ የቀረላት ቦርሳዋን ማንሳት ብቻ ነበር። የጠዋቱን ሂሳብ እናትየዋ በሁለት ጣቷ ሰጠቻት፤ ሌላ ቀን አትምጪ የሚለውን በቃል መናገር አላስፈለጋትም። ልጅቷ ከመጽሐፉ ጋር እዚያው መሀል ወለል ላይ እንደቆመች ነበር። አስጠኚዋ አንድ ነገር ልትላት ፈለገች፤ አይዞሽ ማለት ውሸት ሆነባት፣ እመጣለሁ ማለት ደግሞ ይብስ ውሸት ነው። ምንም ሳትል ወጣች። በኋላ በዚህ ራሷን ስትንቅ ኖራለች ማለት ይቻላል፤ በዚያች ሰዓት ግን የናቀችው እነሱን ነው፣ እሱ ይቀላል።

ግቢው በር ላይ የአባትየው መኪና ሲገባ ተገናኙ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ሆነች ፕሮፌሰሯ?» አላት፤ መልሱን ግን አልጠበቀም፤ መኪናውን አቁሞ በደስታ እየተጣደፈ ገባ። አስጠኚዋ ከባዱን የብረት በር ለመክፈት ስትታገል የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነበር፤ የወንበር መጎተት፣ የሰላምታ፣ የሳህን ድምፅ ይሰማል። «ድገሚለት ለአባትሽ!» አሉ ዳይሬክተሩ። «ያቺን ስድስተኛዋን!»

 አስጠኚዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች፤ እምቢ በይ፣ አልቅሺ፣ መጽሐፉን ወርውሪው ብላ በልቧ ለመነች።

«ማንበብ የማትችል ልጅ» አለች ልጅቷ፣ እዚህ ላይ እንደ ሠለጠነችው ቆም ብላ፣ «ይሄን እንዴት ታነበዋለች?»

ድምፅዋ አሁን አልተንቀጠቀጠም።